ድምፁ የሚጠፋበት ቦታ

መምህሩ የጆሮ ማዳመጫውን አጥልቆ ማዞሪያውን አንዲት ተማሪ በፈተና ላይ በጻፈችው ቁጥር ላይ አቆመው፤ ጭጭ። ወደ ራሱ ቁጥር መለሰው፤ አሁንም ጭጭ። በሁለቱ መካከል ቀስ እያለ ተመላለሰ። አንዳች ድምፅ የለም።

የመለኪያው ሰርኪዩት አሠራር ቀላል ነው። መጠኑ ያልታወቀውን ኮይል፣ ማለትም የሽቦ ጥቅል፣ መጠኑ ከታወቀው ጋር ያያይዙና በማዳመጫው የሚሰማው ቀጭን ድምፅ እስኪጠፋ ማዞሪያውን ያዞራሉ። ድምፁ የሚጠፋበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ የኮይሉ ኢምፒዳንስም፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ጅረትን የሚገታበት መጠን፣ የሚነበበው እዚያው ላይ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ያስተማረው ይህንኑ ነበር።

ባለፈው ሳምንት፣ በመጨረሻው የተግባር ፈተና ላይ፣ ልጅቷ የእሱን ቁጥር አልቀበልም አለች። እሱ ባቆመበት ላይ ድምፁ ገና እንዳልጠፋ ስትነግረው ደሙ ፈላ።

«መጀመሪያ ጆሮሽን ታጠቢና ነይ» አላት በክፍሉ ሁሉ ፊት። ተማሪው በሳቅ ፈረሰ። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ወጣች፤ እሱም በፈተናው ጣላት።

ዛሬ ጠዋት አዲሱ ዲጂታል መለኪያ መጣ። ለሙከራ ብሎ ያንኑ ኮይል ሲያያይዝበት የልጅቷ ቁጥር ከነነጥቡ ወጣ። የጆሮ ማዳመጫውን ያጠለቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ሚስቱ ሬዲዮኑን ቀንስ እያለች ስትነዘንዘው፣ እሱ ሰው ሁሉ ማጉረምረም ለመደ እያለ ሲያማርር ሁለት ዓመት አልፏል። የጆሮውን መድከም ጠርጥሮ ነበር እንጂ አልሳተውም። ከሁሉ ይልቅ ያሳፈረው ይህ ነው። ከእሷ በፊትስ ስንቱን ጥሎ ይሆን?

ውጤቱ ለሬጅስትራር የሚገባው ከቀትር በፊት ነው፤ ካላለፈች አትመረቅም። ቢሮው ተቀምጦ ቢያስተካክለው ማንም አይጠይቀውም። እስክሪብቶውን አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠው። ያዋረዳት በሰው ፊት ነበር።

ተማሪዎቹን ሰበሰበ። ልጅቷን ወደ ፊት ጠርቶ ማዳመጫውን ሰጣት። የሚለውን ነገር አዘጋጅቶ ነበር፤ ዓይኗን ሲያይ ግን ትቶት ወደ ማዞሪያው ጠቆመ።

«ማዞሪያው ያን ዕለት እኔ ባቆምኩት ላይ ነው» አለ። «ይሰማሻል?»

ልጅቷ ክፍሉን አየች፤ ቀጥላም እሱን። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ከፊት የተቀመጡት መስማታቸውን ከፊታቸው ተረዳ፤ እሱ ግን አልሰማም። ልታሳፍረው ስላልፈለገች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር።

«ጮክ ብለሽ ንገሪን» አላት። «እኔም ልስማው።»