ራሱ የሚበራው አምፖል

እማዬ ባለፈው ክረምት አምፖል ልትቀይር ወንበር ላይ ወጥታ ወደቀችና ክንዷ ተሰበረ። ታላቅ እህቴ ኦብሴ ከባቱ እየበረረች መጣች። "ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው! ከእንግዲህ ብቻዋን አትኖርም፤ ከኔ ጋር ትሄዳለች" አለች። እማዬ ደግሞ አባታችን ከወንጂ ስኳር ጡረታ ሲወጣ አዳማ የሠራላትን የጭቃ ቤት ጥላ ከምትሄድ ሌላው ክንዷም ቢሰበር ይሻላታል። እኔም፣ እውነቱን ልናገርና፣ እሷ ከሄደች የእሁድ ምሳዬም አብሯት ይሄዳል።

ሞጆ ደረቅ ወደብ ስለምሠራ ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ ሁሉ ይገባኛል ባይ ነኝ። "አሥር ዓመት የማይቃጠል፣ በሰዓቱ ራሱ የሚበራ፣ ከስልክ የሚታዘዝ አምፖል እገጥምላታለሁ፤ ወንበር ላይ መውጣት ቀረ" አልኩ። ኦብሴ አንድ ሳምንት ሰጠችኝ። ቅዳሜ መጥታ ልታይ፣ ካልሠራ ይዛት ልትሄድ።

ቪዲዮ እያየሁ ጀመርኩ። የቪዲዮው ሰውዬ ግድግዳ ቀጥ ያለ ነው። የኛ ላይ አንድ ሚስማር ብመታ ጭቃው ተከትሎኝ ወረደ፤ አምፖሉን ከስልኬ የሚያገናኘውን የኢንተርኔት ራውተር ቡፌው ላይ አስቀመጥኩት። አምፖሉ ማታ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ እንዲበራ አዘዝኩና፣ ማንም እንዳያጠፋው ማብሪያውን በፕላስተር አሸግኩት።

"እሱም ተሰበረ እንዴ?" አለች እማዬ።

አምስት ቀን በሰዓቱ በራ። እማዬ አላመሰገነችኝም፤ ግን ሲበራ እንደ እንግዳ በኦሮምኛ "አካም ጋልቴ?"፣ እንዴት አመሸህ፣ ትለው ጀመር።

ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። አንድ ሰዓት ላይ የሰፈሩ ልጆች "መጣ!" ብለው ጮኹ። የጎረቤቱ ሁሉ በራ፤ የኛ ጨለማ። አምፖሉ የታዘዘበት ሰዓት መብራት ሳይኖር አልፎ ነገን ይጠብቃል! የቪዲዮው ሰውዬ አገር መብራት አይጠፋ ይሆናል። እኔ ግን አዳማ ተወልጄ ይህን መርሳቴ አሳፈረኝ። ስልኬን ብነካካ ራውተሩ ገና አልተነሣም።

"ተቃጠለ" አለች እማዬ። "ሲመጣ ኃይለኛ ነው፤ ስንቱን አቃጥሎብኛል።"

"አሥር ዓመት አይቃጠልም አልኩሽ እኮ!"

"እንግዲያ ሞቷል።"

ስልኬ ላይ እንዳቀረቀርኩ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። ቀና ስል በሩ ተከፈተና ኦብሴ ቲማቲሟን በማዳበሪያ ተሸክማ፣ የስልኳን ባትሪ አብርታ ገባች። ብርሃኑ ያረፈው ወንበር ላይ በቆመችው እማዬ ላይ ነው። አለቀልን አልኩ።

እማዬ ግን አልደነገጠችም። በደህናው እጇ አዲሱን ነቅላ ኪሷ ከተተች፣ አሮጌ አምፖል አወጣች፣ አጠበቀችው። ቤቱ ቦግ አለ።

"ልብስሽን ሰብስቢ" አለች ኦብሴ፣ ልታለቅስ ትንሽ ሲቀራት።

እማዬ ጭንቅላቴን ተደግፋ ወረደች። የኔን አምፖል በኦብሴ መዳፍ ላይ አስቀመጠችና፣ "ባቱ ይዘሽው ሂጂ" አለች። "ጧሪ የሚያስፈልገው እሱ ነው።"

ኦብሴ ሳትወድ ሳቀች። በማግሥቱ ጠዋት እማዬን ትታ አምፖሉን ይዛ ሄደች፤ የቤቱንም ወንበሮች አንድ ሳታስቀር ባጃጅ ላይ አስጫነች።

የእሁድ ምሳዬን ቆሜ በላሁ።