ስለት የሌለው ሳንጃ

ሰኞ ገበያ አጠገብ ብረት ቀጥቃጭ ነበርኩ። የጣሊያን ሳንጃ አስመስዬ እሠራለሁ፤ ግድግዳ ላይ ለሚሰቅል ሰው። ከመኪና ባሌስትራ አወጣዋለሁ፣ ቁጥር እመታበታለሁ፣ ሎሚና ጨው ቀብቼ ሳከርመው አርባ ዓመት ያረጃል። ስለት አላወጣለትም። ገዢ ሲመጣ ግን፣ «ወላሂ፣ ከጣሊያን የተማረከ ነው!» እላለሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

በ1970 ታናሽ ወንድሜን ሀምዱን ኮምቦልቻ ያዙት። ቤቱ ሲፈተሽ የሰጠሁት ሳንጃ ተገኘ። «ያልተመዘገበ መሣሪያ» ተባለ፤ በዚያ ሰሞን የዚህ መልስ ጥይት ነበር። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የኔን ውሸት እኔው ልናገር ኮምቦልቻ ወረድኩ።

ሀምዱ ቀበሌው ውስጥ የፊጥኝ ታስሮ ተንበርክኳል። አንድ ዓይኑ አብጦ ተደፍኗል፣ ውስጥ እግሩ በግርፋት ተተልትሏል። ሊቀመንበሩ ማረው ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል። ከበላዩ አምና የሸጥኩለት ሳንጃ ተሰቅሏል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የሀምዱን ሳንጃ የቀጠቀጥኩት እኔ ነኝ። ስለት የለውም።»

«ማን ያምንሃል?»

እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን ዘረጋሁ። አንዱ ጥበቃ የሀምዱን ሳንጃ ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ባለ በሌለ ጉልበቱ ጎተተበት። ቆዳዬ ቀላ፣ ተላጠ፤ አልተቆረጠም። ጥበቃዎቹ ሳቁ። ሀምዱም በተሰነጠቀ ከንፈሩ ፈገግ አለ። ወንድሜን አተረፍኩ ብዬ በደስታ ሰከርኩ።

«ያ የተሰቀለውም ያው ነው! ለጓድ ማረው የሸጥኩላቸው እኔ ነኝ!»

ሳቁ ቀጥ አለ።

«ጓድ ማረው ‹አባቴ ማይጨው ላይ የማረኩት ነው› ያሉን ይሄን ነው?» አለ ጥበቃው። ሌላው አፉን በመዳፉ አፈነ።

ውሸቴን ገዝቶ የራሱ እንዳደረገው በምን ልወቅ? የማረው ፊት ከሰል መሰለ። ተነስቶ ሳንጃውን ከግድግዳው ላይ አወረደ። ወደኔ የሚመጣ መስሎኝ ወደኋላ አልኩ። እሱ ግን አልፎኝ ሄደና የሀምዱን ፀጉር ጨምድዶ ጎኑ ላይ ሰነዘረ። አልገባም። ደገመው። በሦስተኛው በሁለት እጁ ተደግፎ ገፋው።

«ወንድም ዓለሜ!» ብሎ ጮኸ ሀምዱ።

ስለት ስላልነበረው እየቀደደ ነው የገባው። ቶሎ አልሞተም። ሲንፈራገጥ፣ ደሙ ሲሚንቶው ላይ ሲንዠቀዠቅ፣ እኔ ከቆምኩበት አልተነቃነቅሁም።

ማረው እያለከለከ ወደኔ ዞረ። ሳንጃው ከእጁ አልወጣም።

«አሁንስ፣ መሣሪያ ነው አይደለም?»

ለነፍሴ ሳሳሁ።

«ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አልኩ።