ቀለበት አውልቃችሁ ግቡ

ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ድንጋይ የሚፈጭበት ክፍል በር ላይ «ቀለበት፣ ጉትቻ፣ ሐብል አውልቃችሁ ግቡ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የጻፉት ምርምሩን የሚመሩት ፕሮፌሰር ራሳቸው ናቸው። ወርቅ ለስላሳ ነው፤ ድንጋይ ሲፈትገው ይፋቃል። ዓይን የማያየው ብናኝ ዱቄቱ ውስጥ ከገባ መለኪያው ማሽን «ወርቅ አለ» ብሎ ይለፈልፋል። ተማሪያቸው የሆነችው ልጅ እንደ ወትሮዋ ጉትቻዋን አውልቃ ኪሷ ከተተችና ገባች። ንዴቷ ግን አብሯት ገባ።

ቆሽቷ ያረረው በከንቱ አልነበረም። ፕሮፌሰሩ ከወንዝ ዳር ያመጡትን ድንጋይ በገዛ እጃቸው ፈጩ፣ ወንፊት ላይ በጣታቸው እያሹ ነፉ፣ ወርቅ አገኘሁ አሉ። በዚያ ወርቅ ስም አንድ የዶክትሬት ምርምር ቦታ ተከፈተ፤ ዛሬ ለእሷ ሊሰጥ ነው። እሷ ያንኑ ድንጋይ እንደገና ፈጭታ ብትለካው ወርቅ የሚባል ነገር የለም። ከየት ይምጣ? ወርቁ የነበረው ሰውዬው ጣት ላይ ነው፤ የጋብቻ ቀለበታቸው።

ትናንት ቢሮአቸው ገብታ ነገረቻቸው። ሰውዬው ዓይናቸውን አላሹም።

«የበላሽበትን ወጪት ሰባሪ አትሁኚ» አሉ። «ቦታው ያንቺ ነው። አፍሽን ከከፈትሽ ግን ዱቄቱን ያበላሸችው እሷ ናት እላለሁ። ማንን የሚያምኑ ይመስልሻል?»

ዛሬ ጠዋት ለእናቷ ደወለች። እናቷ ዓይኗ እስኪደክም የሰው ልብስ እየሰፋች ያስተማረቻት ናት።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ልጄ። አንቺ ዝም ብለሽ ቦታሽን ያዢ።»

«እስኪነጋ እኔም እንደሳቸው እሆናለሁ፣ እማዬ» አለችና ስልኩን ዘጋች። ወዲያው ቆጫት፤ መልሳ ግን አልደወለችም።

አሁን ከክፍሉ አንድ ሳህን ነጭ የድንጋይ ዱቄትና ወንፊት ይዛ ወጣች። ወርቁ ከሌለ ቦታውም እንደሌለ ታውቃለች። የእናቷ ዓይን ትዝ ሲላት እግሯ ሊመለስ ቃጣው፤ ጥርሷን ነክሳ ቦታው ወደሚሰጥበት ስብሰባ አዳራሽ ሄደች።

ፕሮፌሰሩ የምርምሩን ገንዘብ ከሰጠው ድርጅት የመጣችውን ሴትዮ እያጫወቱ ነበር። ልጅቷን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«ይቺ ልጄ ናት። ወርቁን አብረን ነው ያገኘነው።»

አብረን! ደሟ ፈላ። ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ይኼ ዱቄት ንጹሕ ነው፤ ለክቼዋለሁ፣ ወርቅ የለበትም። ፕሮፌሰር፣ ያን ጊዜ እንዳደረጉት በእጅዎ አሽተው ይንፉልን። ከዚያ እንደገና እንለካዋለን።»

«ልጆች ቀልድ ይወዳሉ» ብለው ሳቁ። ሳቃቸውን የተቀበላቸው አልነበረም።

«ምን ችግር አለው፣ ይንፉትና እንየው» አለች ሴትዮዋ ወንበሯን እያስጠጋች።

ፕሮፌሰሩ እጃቸውን ወደ ሳህኑ ሰደዱ፤ እጃቸው ግን ሳይደርስ ቆመ። በሌላው እጃቸው ቀለበቱን ያዙና ጠመዘዙት። ከሠርጋቸው ወዲህ ጣታቸው ወፍሯል፤ ቀለበቱ አንጓው ጋ ሲደርስ አልወጣ አለ። እንደገና ሳቡት። ግንባራቸው ላብ አወጣ። ሴትዮዋ ዓይኗን ከጣታቸው ወደ ልጅቷ ጆሮ አዞረች፤ እዚያ የጉትቻ ቀዳዳ እንጂ ጉትቻ የለም።

ልጅቷ ሳህኑን ወደ ፕሮፌሰሩ ገፋ አደረገችው።

«አያውልቁት» አለች። «ያን ጊዜም አላወለቁትም።»