«ዘይት ጨምሪ»

የፍሬን ዘይቷ ቆርቆሮ አልተከፈተችም ነበር።

ፈንታነሽ ይህን ያየችው ላንድሮቨሯ ከቢቸና ከወጣች ከቆየች በኋላ ነው። ባሏ ግቢው ውስጥ በትኖት የሄደውን መፍቻና የዘይት ጨርቅ ለቃቅማ ወደ ዕቃ ቤት ስታስገባ ቆርቆሮዋን ከመሬት ልታነሣ ጎንበስ አለች። ከበደቻት። ነቀነቀቻት፤ ሙሉ ናት፤ ክዳኗ ላይ ያለው ማሸጊያ እንዳለ ነው። አጠገቧ የቆመውን የሞተር ዘይት ጋሎን አነሣች፤ እሱ ጎድሏል። ሁለቱንም መልሳ አስቀመጠችና እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ኃይለ ጊዮርጊስ ከመኪናዋ ሥር በጀርባው ተኝቶ ከፍሬኑ መስመር አየር ሲያስወጣ ነበር። ልጃቸው ማናለሽ ፔዳሉን እየረገጠች ትለቅቃለች። ፈንታነሽ ደግሞ ኮፈኑ ሥር ያለችውን የፍሬን ጣሳ እየጠበቀች ስትጎድል ትሞላለች። እሱ ከሥር ሆኖ «ዘይት ጨምሪ» አላት። የትኛውን እንደሆነ አላለም፤ እሷም አልጠየቀችም። ቅርቧ ያለውን ጋሎን አንሥታ ጨመረች፤ ደግሞ ጨመረች። ደብረ ማርቆስ እስከ ዘጠነኛ ክፍል ተምራለች፤ ቆርቆሮው ላይ ያለውን እንግሊዝኛ ማንበብ አያቅታትም። ግን ወጥ እየሠራ «ዘይት ጨምሪ» የተባለ ሰው ጠርሙሱን አያነብም።

ኃይለ ጊዮርጊስ ልጅነቱን በቅኔ ቤት የጨረሰ፣ ኋላ እህል ነጋዴ የሆነ ሰው ነው። መኪናዋን ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ የገዛት የገና ሰሞን ነው። ያን ጊዜ አይነዳም፤ ማርሽና ፍሪሲዮን ለይቶ አያውቅም ነበር። ከገና ወዲህ ባልና ሚስት እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አንዱን ብሎን ሲፈቱ ሌላው ሲጠፋባቸው ከረሙ። አካሏን ከሥር የሚሸከመውን የደከመ ባሌስትራ አውጥቶ ከወደቀ የጭነት መኪና የተገኘ አስገባላት፤ ከፍ አለች፤ ተቀምጦባት ለሚሄድ ሰው ግን እንደ በቅሎ ትዘላለች። አናጺ ጠርቶ ከኋላ ሁለት ረዣዥም ወንበር አሠራ፤ ሸራውን ጥሎ ቆርቆሮ አለበሳት። የቢቸና ሰው ይህን ሁሉ አይቶ ስም አወጣለት። ቅኔ ቤት ሳለ ያላገኘውን ማዕረግ መሪ ጨብጦ አገኘው ብለው «መሪጌታ» አሉት። እሱም ስሙን ወደደው። ዛሬ ሰው ጭኖ ሞጣ ደርሶ ሲመለስ የመጀመሪያው ነው። ማናለሽም አክስቷን ሀብትነሽን ጠይቃ ልትመለስ አብራው ሄዳለች።

ፈንታነሽ ክፉ ነገር ከሩቅ የሚታያት ሴት ናት። ልጅ ሲያስል ሳንባ፣ ደመና ሲጠቁር በረዶ ነው የምታስበው። ባሏ «አንቺ እኮ ሰው ሳይሞት ንፍሮ ትቀቅያለሽ» እያለ ይስቅባታል። አሁን ግን ንፍሮው በገዛ እጇ ተጥዶ አገኘችው።

ስልክ ቤት ሄደች፤ ነፋስ የስልክ እንጨት ጥሎ የሞጣ መስመር ከትናንት ጀምሮ አይሰማም አሏት። ትንሹን ልጇን ለጎረቤት ሰጥታ ወደ መናኸሪያው ወረደች። የሰፈራቸው ሰው ከፋለ ጨው ጭኖ በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር ሊሄድ ሞተር ያሞቃል። ምን እንደሆነች ሳይጠይቅ ጋቢና አስገባት።

የከፋለ ኤንትሬ የጭነት መኪና ጨው ተሸክሞ ዳገቱን ሲያቃስት፣ እግረኛ ሲቀድማቸው፣ እሷ አንገቷን አውጥታ የመንገዱን ጠርዝ ታያለች። የጎማ ዱካ ወደ ገደል ያዘነበለበትን ቦታ ሁሉ ታያለች። ብዙ ቦታ አዘንብሏል፤ መንገዱ እንዲያ ነው። በመጨረሻ መጠየቅ ግድ ሆነባት።

«ከፋለ፣ ፍሬን ውስጥ የሞተር ዘይት ቢገባ ምን ይሆናል?»

«ማን ነው የጨመረው?»

«እኔ።»

ከፋለ ማርሽ ቀየረ። ከዚያ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ ነገራት። ፍሬን ውስጥ ጎሚኒ የሚባሉ ትንንሽ ጎማዎች አሉ፤ የሞተር ዘይት ሲነካቸው ያብጣሉ። መጀመሪያ ላይ ፍሬኑ ደኅና ይይዛል። ኋላ እንደያዘ ይቀራል፤ ጎማው ይግላል።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አይዝም።»

«በስንት ጊዜ?»

«እንደ ዕድል ነው፣ እትዬ ፈንታነሽ።»

ሁለተኛ አልጠየቀችውም። ደብረ ወርቅ ሲደርሱ ከፋለ ሻይ ሊጠጣ ወረደ፤ እሷም ወርዳ ላንድሮቨር አልፎ እንደሆነ ጠየቀች። አልፏል አሏት። የኋላ ጎማው እየጨሰ ስለነበር ውኃ አፍስሰውበታል። አንዱ ሥራ ፈት ግድግዳ ተደግፎ «መሪጌታ ከተማውን አጥኖልን ሄደ» አለና ሰዎቹ ሳቁ። ሻዩ እስኪያልቅ መጠበቅ ከበዳት፤ ግን ጠበቀች። መኪናው የሷ አይደለም።

ከደብረ ወርቅ ወዲያ አንድ ቁልቁለት ላይ ሰዎች አፋፉን ከበው ወደ ታች ሲያዩ አየች። ከፋለም አየና መኪናውን አቆመ። እግሯ ከጋቢናው እንዴት እንዳወረዳት አላወቀችም። ሰዎቹን ገፍታ ስታይ ከታች የወደቀችው በቅሎ ናት፤ ከነጭነቷ አንገቷ ተቆልምሟል። ጮክ ብላ «ተመስገን» አለችና አማተበች። ቀና ስትል ባለ በቅሎው ጭንቅላቱን ይዞ ተቀምጦ ያያታል። ምንም ሳትለው ተመልሳ ወደ ጋቢናው ወጣች። 

ሞጣ ሲገቡ ላንድሮቨሯ ሀብትነሽ በር ላይ ቆማለች፤ ቆማለች ብቻ ሳይሆን ሰው ሞልቷታል። ከፋለ አውርዷት መንገዱን ቀጠለ። ማናለሽ ከኋላ ወንበር ላይ ቆሎ ትቆረጥማለች። ፈንታነሽ ሳትናገር የልጅቷን ፊትና ክንድ ዳሰሰች። ልጅቷ እናቷን ከላይ እስከ ታች አይታ፣ ጫማዋን ያደረገችው ያለ ካልሲ እንደሆነ ብቻ ነገረቻት።

ኃይለ ጊዮርጊስ ከአጥር ግቢ ሲወጣ ሚስቱን አይቶ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም። ና ወዲህ።»

ወደ ኮፈኑ ወሰደችው። እሱ ግን እሷ አፏን ሳትከፍት የራሱን ወሬ ጀመረ። መንገድ ላይ የኋላ ጎማዎቹ ተይዘውበት ነበር። ማንንም ሳይጠይቅ፣ ከሥር ገብቶ፣ የፍሬን ሸራውን አላልቶ ለቀቃቸው። ከዚያ ወዲህ እንደ ውኃ ትፈስሳለች። ፔዳሉ ትንሽ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ ሁለቴ ሦስቴ ሲረገጥ ይይዛል። ፊቱ ላይ የዘይት ጥቁረት አለ፤ ደስታም አለ። ከገና ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት አይታው አታውቅም። መናገር ያቃታት ይህን ደስታ አይታ ነው።

«ትናንት የጨመርሁት የሞተር ዘይት ነው» አለችው። «የፍሬኗ ቆርቆሮ እንደታሸገች ቤት አለች።»

«ዘይት ጨምሪ አላልሁሽም?»

«ብለኸኛል።»

ኮፈኑን ከፍቶ ጣቱን ጣሳዋ ውስጥ ነከረ፤ አሸተተው፤ በአውራ ጣቱ አሸው። ከፋለ ያላትን ነገረችው። «ፍሬን ያልያዘ ዛፍ...» ብሎ ጀመረ። ሌላ ቀን ቢሆን የማያፈራ ዛፍንና የማትቆም መኪናን በአንድ ቃል ስላገናኘ ወርቁን ፈትቶ ይስቅ ነበር። ዛሬ አልጨረሰውም። ኮፈኑን ቀስ ብሎ መለሰው፤ ተሳፋሪ እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«በማርሽ ቀስ እያልሁ ልወርድ እችላለሁ። ዳገቱ አያሳስብም። ቁልቁለቱ ነው፣ እሱንም በአንደኛ ማርሽ። ማናለሽ እዚህ ትደር።»

«የሰውስ ልጅ?»

 የኃይለ ጊዮርጊስ ዓይን ወደ ፊተኛው ወንበር ሄደ። እዚያ አንዲት አሮጊት በትራቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው ተቀምጠዋል። ይርጋነሽ ይባላሉ። ነገ ጠዋት ቢቸና አውራጃ ፍርድ ቤት ቀጠሮ አላቸው፤ ከሟች ወንድማቸው ልጆች ጋር የርስት ክርክር ነው። ባለፈው ታመው ቀርተዋል፤ ነገም ከቀሩ በሌሉበት ይፈረድባቸዋል። ትናንት በበቅሎ ሊነሡ ሲሉ መኪና ይመጣል የሚል ወሬ ሰሙ፤ ቀሩ። ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ኃይለ ጊዮርጊስ ገበያ መሐል ቆሞ «ማታ ቢቸና ነዎት» አላቸውና የተከራዩትን በቅሎ ለባለቤቱ መለሱ።

ኃይለ ጊዮርጊስ ወደ ተሳፋሪዎቹ ሄዶ ጉሮሮውን ጠረገ። መኪናዋ ትንሽ ታማለችና ዛሬ አትሄድም አለ። ከኋላ አንዱ «ጠበል ያስጠምቋታ፣ መሪጌታ» አለ። ሌላው ገንዘቡን መልስልኝ ብሎ ተነሣ። እያጉረመረሙ አንድ በአንድ ወረዱ፤ ዘመድ ያለው ወደ ዘመዱ ሄደ። አሮጊቷ አልወረዱም።

«ጠዋት ደኅና የመጣች ምን ነካት?» አሉ።

ኃይለ ጊዮርጊስ ሚስቱን ሳያይ፣ የድሮ መኪና እንዲህ ነው፣ ዕቃው ያረጃል፣ ማንም አያውቀውም እያለ ማብራራት ጀመረ። ሊሸፍንላት ነው። ፈንታነሽ ይህ ገባት፤ ገብቷትም ደከማት። አሮጊቷ እያዳመጡ ራሳቸውን ሲነቀንቁ፣ ትንሽ ቢለመን ይሄዳል ብለው ተስፋ ሲያደርጉ አየች። እውነትም ትንሽ ቢለመን ይሄዳል። ተጠጋችና የበሩን ጠርዝ ያዘች።

«እማማ፣ መኪናዋ አላረጀችም። ፍሬኑ ውስጥ የማይገባ ዘይት የጨመርሁ እኔ ነኝ። ቁልቁለት ላይ አትቆምም።»

አሮጊቷ ወደ እሷ ዞሩ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«እንግዲያ ርስቴን የበላሽው አንቺ ነሻ።»

«እኔ ነኝ።»

«አትዋሺም እንኳ» አሉ ይርጋነሽ፤ በትራቸውን መሬት አስነክተው መውረድ ጀመሩ። ፈንታነሽ ክንዳቸውን ልትይዝ እጇን ዘረጋች። ክንዳቸውን ለማናለሽ ሰጡ።

ፀሐይ እስክትጠልቅ ሌላ መኪና አልተገኘም። ነገ ከባሕር ዳር የሚመጣው አውቶቡስ ከመጣ እኩለ ቀን ላይ ያልፋል፤ ዳኛው ግን መዝገብ የሚጠራው ጠዋት ነው። በቅሎ ቢገኝም ሌሊቱን ሄዶ አይደርስም። ጎሚኒው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ላንድሮቨሯ ከሀብትነሽ አጥር ሥር ትቆማለች፤ ሳምንትም ይሁን ወር። ኃይለ ጊዮርጊስ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ሲያደርግ ቆየና እጁን ሳይታጠብ ገብቶ ደጃፉ አጠገብ ካለው መደብ ላይ ጋደም አለ።

ሀብትነሽ ራት አቀረበች። ቤታቸው ከከተማው ሩቅ ስለሆነ እዚያው የሚያድሩት አሮጊት አልበሉም። የተነጠፈላቸው አጎዛ ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተቀምጠው፣ በዝግታ፣ ለማንም ሳይሆን ይናገራሉ። ስለ ማሳው ነው። ወንዙ የሚዞርበትን፣ አባታቸው ድንጋይ የለቀሙበትን፣ ዋርካው ያለበትን ድንበር እየጠሩ ነው። አንድ ድንበር ጠርተው ያርፋሉ፤ ደግሞ ይቀጥላሉ። ማናለሽ ሸማዋን ተከናንባ ተኛች። ኃይለ ጊዮርጊስ ግን አልተኛም። ዋርካው በተጠራ ቁጥር እግሩን ያንቀሳቅሳል፤ ጫማውን አላወለቀም።

ፈንታነሽ ባሏን ታውቀዋለች። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ እንዲህ አትፈራም ነበር። የሰው ለቅሶ ማየት አይችልም። ጎሕ ሳይቀድ እኚህ ሴት አንድ ጊዜ «ልጄ» ቢሉት ድንጋዩን ከጎማው ሥር ያነሣል፤ በአንደኛ ማርሽ እወርዳለሁ ይላል፤ እሳቸውም አጠገቡ ይቀመጣሉ። ሞተሩን የሚያስነሣው ማኖቬላ ሲዞር ብትሰማ፣ ወጥታ ብትጮህ፣ በዚያ ሰዓት ማንን ታቆማለች? ነገ ደግሞ ከርስታቸው የተነቀሉትን ሴት ፊት ማየት አለ። እሱንም አሰበችው። ከገደሉ ሥር ካለው ነገር ጋር አስተያየችው። ምን ብታስብ የሚቀል አላገኘችም፤ ስለ ደከማት ማስተያየቱን ተወችው።

ተነሥታ ከሀብትነሽ የውጭውን በር ቁልፍ ጠየቀች። ሀብትነሽ በሩን ሁልጊዜ በመቀርቀሪያ ብቻ እንደምትዘጋ፣ ቁልፍ የሚሻ ሌባ በሞጣ እንደሌለ ነገረቻትና ቁልፉን ግን ሰጠቻት። ፈንታነሽ በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋች።

«ቁልፉን እዚያው ላይ ተይው» አለ ኃይለ ጊዮርጊስ ከመደቡ። «ሌሊት ለሽንት ብወጣስ?»

አሮጊቷ መናገራቸውን አቆሙ።

«ስትወጣ ቀስቅሰኝ» አለችውና ቁልፉን አዙራ አወጣችው፤ በመቀነቷ ጫፍ ቋጠረችው።