በጨርቅ የተሰፋው ካርቶን

ልብስ ሰፊዋ ብስኩት መጋገር አትችልም፤ ይህንንም ከማንም ቀድማ የምትናገረው ራሷ ናት። «የእኔን ብስኩት የሚበላ ወይ ልጄ ነው፣ ወይ ጥርሱ የራሱ አይደለም» ትላለች።

አንድ ልጇ ሩቅ አገር ሥራ ከያዘ ሁለት ዓመት አልፎታል። ስልኩም እያደር አጥሮ «ደህና ነሽ? ደህና ነኝ፣ በይ ቻው» ብቻ ሆኗል። ናልኝ ብትለው ይመጣ ይሆናል። ግን ያን ጊዜ «ሂድ፣ እኔ ምን እሆናለሁ» ብላ ደረቷን ነፍታ የሸኘችው እሷ ናት፤ አሁን ናልኝ ማለት የተፉትን ምራቅ መልሶ መላስ ሆነባት። ስለዚህ ብስኩት ጋገረች።

የመጀመሪያውን ዙር አሳረረችው። ሁለተኛውን «እስቲ ልቅመሰው» እያለች ራሷ ጨረሰችው። ሦስተኛው እንደ ምንም ተረፈ።

በማሸጉ ግን ማንም አያማትም። ለካርቶኑ ከውስጥ በብርድ ልብስ ቁራጭ ገበር ሠራችለት። ብስኩቱን ደርድራ ከላይ ወረቀት አለበሰችው፤ ወረቀቱ እየተነሳ ቢያስቸግራት፣ ጨርቅ ስትቆርጥ እንደምታደርገው ከባዱን መቀሷን ጫነችበት። ይሄኔ ጎረቤቷ ቀሚሷን ልትለካ ገባችና «ለልጅሽ ነው?» አለቻት። ከዚህ በኋላ ማን ያስቁማት። ስለ ልጇ ስታወራ እጇ ብቻውን ጥጥ ጎዘጎዘ፣ ካርቶኑን ዘጋ፣ በአቡጀዲ ጠቅልሎ ዙሪያውን ሰፋ። ክሩን እንደ ልማዷ በጥርሷ በጠሰችው።

ፖስታ ቤት ያለው ሠራተኛ «ስለት ያለው ነገር አለበት?» አላት።

«ስለት ያለው ምላሴ ነው፤ እሱም ከእኔ ጋር ይቀራል።»

በገዛ ቀልዷ እየሳቀች ቤቷ ገባች። በማግስቱ መቀሷን ብትፈልግ የለም። ከስፌት መኪናው ሥር አየች፣ ዱቄቱ ውስጥ ሳይቀር ዳበሰች። በመጨረሻ ጎረቤቷን ጠረጠረችና ሰላምታዋን ቀነሰችባት። አንዱ ቢሰረቅ አንዱ ይቀራል ብላም ሁለት አዲስ መቀስ ገዛች።

ልጇ የደወለው ጎረቤቷ የተሰፋውን ቀሚስ ልትሞክር በመጣች ቀን ነው።

«እማዬ፣ ብስኩቱ ደረሰ። ዱቄት ሆኖ።»

«መንገዱ ነዋ፣ ልጄ።»

«መንገዱ አይደለም። መቀስሽ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቷን ቀና ብላ ማየት አፈረች። «አይ እኔ ጅሏ!» አለች። «ሰው ጠረጠርሁ፣ ብስኩት ፈጨሁ።»

«በማንኪያ እየበላሁት ነው፣ በወተት። ይጣፍጣል።»

«አትዋሽ።»

«እሺ፣ አይጣፍጥም። ግን ልጨርሰው ነው። የቤታችን ሽታ አለው።»

ከሄደ ወዲህ ስለ ቤት አንስቶ አያውቅም ነበር።

«መቀሱን በፖስታ ልላክልሽ?» አላት።

«ስለት በፖስታ አይላክም፤ የፖስታ ቤቱ ሰውዬ ነግሮኛል።» ድምፅዋ ቀነሰ። «ይዘኸው ና። ያለ እሱ ሥራ ፈትቻለሁ። ናልኝ፣ ልጄ።»

ጎረቤቷ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ሁለት መቀሶች አየችና አፏን ከፈተች። ልብስ ሰፊዋ ቀስ ብላ ቁራጭ ጨርቅ ጣለችባቸው።

«ፈቃድ ልጠይቅ» አለ ልጇ።