ጧሪዎቻቸውን የተነጠቁ

የአረጋውያኑን ማረፊያ ጎብኝተው የተመለሱትን የውጭ እንግዶች የያዘው አውቶቡስ ከአሰላ ገና ሳይርቅ የቀበሌው ጥበቃዎች ለጉብኝቱ የተነጠፉትን ፍራሾች መሰብሰብ ጀመሩ። ነርስ ዋጋዬ መርፌ የምትቀቅልበትን ውሃ ጥዳ ስትመለስ፣ እማማ አልጣሽን ሲሚንቶው ላይ በነጠላቸው ተጠቅልለው አገኘቻቸው።

"ማን አወረደዎት?"

"የመንግሥት ዕቃ ነው አሉኝ። ለካ በውሰት ኖሯል የተኛሁት፣ ልጄ።"

ቤቱ የአንድ ባላባት የእህል መጋዘን ነበር። ቀበሌው ከወረሰው በኋላ ኖራ ቀባውና "የአረጋውያን ማረፊያ" የሚል ሰሌዳ ሰቀለበት። የእማማ አልጣሽ ሁለት ወንዶች ልጆች ለብሔራዊ ውትድርና ተወስደው ደብዛቸው ጠፍቷል። አጠገባቸው የሚተኙት አባባ ነጋሳም፣ ያላቸውን አንድ ልጅ "ለጥያቄ ትፈለጋለህ" ብለው ከወሰዱት ወዲህ ዓይኑን አላዩትም።

ዋጋዬ ነርስነት የተማረችው ምሥራቅ ጀርመን ነው፤ እዚያም በአንድ የአረጋውያን ቤት ሠርታለች። በማግስቱ በተጠራው ስብሰባ ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ጉቱ ይህንኑ ጠቅሶ አስተዋወቃት። "ማረፊያችን ከወዳጅ አገሮች እንደማያንስ ባለሙያዋ ታስረዳናለች" አለ። ምን ማለት እንዳለባትም አስቀድሞ ነግሯት ነበር።

ዋጋዬ ተነሣች። ደሟ ፈልቷል፤ ድምፅዋን ግን ዝግ አደረገች።

"ጀርመን አገር ሽማግሌ ሁሉ የራሱ አልጋ አለው። ክፍሉ ይሞቃል፣ ሐኪም ይጎበኘዋል።"

ጓድ ጉቱ ደስ ብሎት ራሱን ነቀነቀ።

"ልጆቻቸው ግን አይመጡም። አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ልጃቸው እዚያው ከተማ እየኖረች መንገድ መንገዱን ሲያዩ ይውላሉ። እኛ አገር እናቱን የማይጦር ልጅ የለም እያልኩ በሆዴ ጀርመኖቹ ላይ እፈርድ ነበር። አሁን አፈርኩ። የእነሱን ልጆቻቸው ሲተዉአቸው መንግሥት አልጋ ሰጣቸው። የእኛዎቹን ግን ማንም ልጅ አልተዋቸውም። ልጆቻቸውን እናንተ ወሰዳችሁ፤ እንግዳው ሲሄድ ደግሞ ፍራሹን ከሥራቸው ጎተታችሁ።"



"ጓድ ዋጋዬ ሥራ በዝቶባት ደክሟታል" አለ ጉቱ። "ተቀመጪ።"

"አልደከመኝም። ፍራሹ የት ነው?"

ከኋላ የተቀመጡ ሴቶች ማጉረምረም ጀመሩ። "እውነቷን ነው፤ የት አደረሳችሁት?" አለች አንዷ።

ስብሰባው በዚያው ተበተነ። ዋጋዬን ግን ጥበቃዎቹ ከበር ላይ ይዘው የቀበሌው እስር ቤት አስገቧት። ስትፈታ ወደ አቦምሳ ክሊኒክ መዛወሯን ነገሯት። ከፍራሾቹ የተቀዳደዱት ተመልሰዋል፤ ደህና ደህናዎቹ የገቡበት አልታወቀም። ፍራሽ ላልደረሳቸው የሰፈሩ ሴቶች ጭድ አምጥተው ጎዝጉዘውላቸዋል። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደውን ብርድ ጭድ አይመልሰውም።

ልትሰናበት ስትሄድ እማማ አልጣሽ አጠገብ ተንበረከከች።

"እማማ፣ አቦምሳ ሙቀት ነው። ቤት እከራያለሁ፤ ከእኔ ጋር ይኑሩ።"

"እግዜር ይስጥሽ። ልጆቼ ከመጡ ግን የት ብለው ይፈልጉኛል? እዚህ መሆኔን የሰፈሩ ሰው ያውቃል።"

ዋጋዬ ነጠላቸውን አስተካክላ አለበሰቻቸው። ጉልበታቸውን ስማ ወጣች። በር ላይ ጉቱ ቆሞ ነበር፤ "መልካም መንገድ" ብሎ እጁን ዘረጋላት። እጁን አየችው፤ አልጨበጠችውም። ወደ አቦምሳ የሚወስዳት መኪና ዴራ ከተማ እስኪደርስ ጥርሷን እንደነከሰች ነበር።