የጾም በሶ

በቆርቆሮ የታሸገ ዱቄት እጠላለሁ። ዛሬም እጠላለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ከሆነው ሁሉ በኋላ «አለበል ሐሳቡን ቀየረ» የሚል ሰው እንዳይኖር ነው። ሐሳቤ አልተቀየረም። የተበላሸው ሌላ ነገር ነው።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ብረት ቤት ከከፈትኩ ያኔ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኝ ነበር። ወጣቶቹ ጂም ይሉታል። ጂም ለመባል መስታወትና ምንጣፍ ያስፈልጋል፤ የእኔ ቤት ወለሉ የተደለደለ አፈር፣ ብረቱ የአሮጌ አይሱዙ አክስል፣ ክብደቱ በዘይት ጣሳ የተሞላ ሲሚንቶ ነው። ቢሆንም እዚህ የሠራ ልጅ ኩንታል ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ ወሬ ያወራል።

በሁለት ሺህ ስድስት ዓ.ም. መናኸሪያው አጠገብ መስታወት ያለው ጂም ተከፈተና ቆርቆሮ መሸጥ ጀመረ። ቆርቆሮው ላይ አንገት የሌለው ፈረንጅ ተስሏል። ልጆቼ አንድ በአንድ ወሬያቸው ፕሮቲን ብቻ ሆነ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ ነው። ሽምብራው፣ ባቄላው፣ እንቁላሉ፣ ወተቱ በየደጁ ያለ ሰው፣ ማን እንደፈጨው የማያውቀውን ዱቄት በውሃ እየናጠ ይጠጣል። ይህን በየቀኑ እናገር ነበር። ጮክ ብዬ ነበር የምናገረው።

ከልጆቼ ሁሉ የማልለውጠው ዲያቆን እንዳላማው ነበር። ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ከአምበር ወዲያ ካለ ገጠር ለቆሎ ትምህርት መጥቶ እዚሁ የቀረ ልጅ ነው። ተራው በደረሰ ቀን ይቀድሳል፤ በቀረው ቀን እህል በረንዳ ጆንያ ይሸከማል፤ ወደ ማታ እኔ ዘንድ ይመጣል። ፈጣሪ እግር የሚባለውን ነገር ለእሱ ሲሠራ አልቸኮለም። ብረት ትከሻው ላይ አድርጎ ቁጢጥ ብሎ ሲነሳ፣ ሌላው ሁሉ የራሱን ሥራ ትቶ ያየዋል። ከፋሲካ በኋላ ባሕር ዳር ላይ የክብደት ማንሳት ውድድር ነበር፤ አንደኛ የወጣውን አንድ ክለብ በደመወዝ ሊወስደው ነው። እንዳላማው ከጆንያ የሚወጣበት መንገድ ያ ብቻ ነበር። ሁለታችንም እናውቃለን።

በጥር መጀመሪያ አንድ ቆርቆሮ ይዞ መጣ። ጓደኛው ሰጥቶት ነው።

«ጋሽ አለበል፣ ይኼ ለጾም ይሆናል?» አለኝ።

እኔ ጋ የሚሠራ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አነበበልን። ዱቄቱ የወተት ነው። እንዳላማው ክዳኑን መልሶ ገጠመና ቆርቆሮውን መስኮት ላይ አስቀመጠው። የመናኸሪያው ጂም ልጆች «ዱቄት ከሆነ ወተት አይባልም» ብለው ራሳቸውን ሸንግለዋል፤ እሱ ግን ዲያቆን ነው። ሁዳዴ አምሳ አምስት ቀን ነው። ሥጋ የለ፣ እንቁላል የለ፣ ወተት የለ፤ ያውም ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውሃ እንኳ አይቀምስም። በዚያ ሆድ ማን ብረት ያነሳል?

«አንተ ጹም፣» አልኩት። «ምግቡን ለእኔ ተወው። ከአገራችን አፈር የበቀለ፣ ያንን ቆርቆሮ የሚያሳፍር በሶ አዘጋጅልሃለሁ።»

ይህን ያልኩት ሰው ሁሉ እየሰማ ነው። ያ ነው ጥፋቴን የጀመረው።

ተማሪውን ከጥራጥሬ ሁሉ ፕሮቲን የሚበልጠው የቱ ነው አልኩት። ደብተሩን ገልጦ ጓያ ከሽምብራም ከባቄላም ይበልጣል አለኝ። ሳቅኩ። ጓያን አውቀዋለሁ፤ ያደግሁበት ነው። ዝናብ ሲቀር፣ ሌላው እህል ሲከስም እሱ ይበቅላል። የድሃ እህል ነው፤ ከተማ የገባ ሰው ጓያ በላሁ ብሎ አይናገርም። ሌላም አውቃለሁ። ልጅ ሳለሁ ከአንድ ክፉ ዓመት በኋላ በሰፈራችን ሦስት ጎልማሶች በአንድ ክረምት ከምርኩዝ ጋር ቀሩ። ጉልበታቸው እርስ በርሱ እየተቆላለፈ፣ በጣታቸው ጫፍ እየረገጡ ቤተ ክርስቲያን ሲመጡ ከኋላቸው እንሄድ ነበር። ሁሉም ሰው ምክንያቱን ይናገራል፤ ጓያ ሲቀቀል እንፋሎቱ መታቸው ይላል። አንዳንዱ ገለባው ላይ ተኝተው ነው ይላል። ስለ ፍሬው የተናገረ አልነበረም።

አምበር ሄጄ ታላቅ እህቴን ታየችን አማከርኳት። ገበሬ ናት፤ እንደ እሷ እህል የሚያውቅ የለም።

«እንፋሎቱ ነው ክፉው፣» አለችኝ። «ቆልቼ አስፈጭቼ ከሰጠሁህ ምን ይነካዋል። ለምንህ ነው?»

«ለሽሮ።»

«እንዲያም ሆኖ ብቻውን አይሆንም። አንድ እጅ ጓያ፣ ሦስት እጅ ገብስ አድርገህ ደባልቀው። እኛ እንዲህ ነው።»

«እሺ እታለም፣» አልኳት። ቤቴ ገብቼ ገለበጥኩት፤ ሦስት እጅ ጓያ፣ አንድ እጅ ገብስ። ፕሮቲኑ ያለው ጓያው ላይ ነው፤ ገብሱን ለጣዕም ብቻ ነው የጨመርኩት። እንዳላማው ምን አለበት ብሎ ሲጠይቀኝ ገብስና ሽምብራ ነው አልኩት። ለምን ዋሸሁ? ጓያ ማለት አፈርኩ። የመናኸሪያው ጂም ባለቤት ሰምቶ «አለበል ዲያቆኑን ጓያ ያበላዋል» ብሎ ከተማውን ሲያስቅብኝ ታየኝ።

ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጾሙ ሲገባ ደግሞ ከቅዳሴ ሲወጣና ማታ፣ በትልቁ ጣሳ በራሴ እጅ በጠበጥኩለት። በሶው ሠራ። ውሸት አልናገርም፤ ሠራ። የካቲት ሲያልቅ እንዳላማው ጣሳ ላይ ጣሳ እየጨመረ ያነሳ ነበር፤ ሌላው ጾመኛ ግን ግድግዳ ተደግፎ ያዛጋል። ከመናኸሪያው ጂም ሦስት ልጆች ለማየት መጡ። እኔ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ያ ቆርቆሮ እስካሁን መስኮቱ ላይ ነበርና ለእንግዶቹ በጣቴ አሳየኋቸው።

መጋቢት ሲገባ እንዳላማው እግሩን ያሸው ጀመር።

«ባቴ ሌሊት ይኮማተርብኛል፣» አለኝ። «ጠዋት ስነሳ እንጨት ነው የሚመስለኝ።»

«ስኳቱ፣ ብረት ይዞ ቁጢጥ ማለቱ ነው። ጡንቻ ሲያድግ ያስራል፣» አልኩት። እንዲህ ብዬ ስንቱን ልጅ አጽናንቻለሁ፤ እውነትም ሆኖ ያውቃል።

ከሳምንት በኋላ ጆንያ ይዞ ደፍ ሲሻገር ወደቀ። ተሳቀበት። እሱም ሳቀ። በገብር ኄር እሑድ ቅዳሴ ሄጄ ከወንዶቹ በኩል ቆምኩ። ዲያቆናቱ ተራ ይዘው ቆመዋል፤ ከመካከላቸው መቋሚያ የተደገፈው እንዳላማው ብቻ ነበር። መቶ ሠላሳ ኪሎ የሚያነሳ ሰው፣ በሽማግሌ አኳኋን ክብደቱን ከእንጨት ላይ ጥሏል። ከቅዳሴ ሲወጣ ግን በሶውን ሰጠሁት።

በማግስቱ ነው ዱካውን ያየሁት። ብረት እንዳያዳልጠን እጃችንን የምንቀባው የጠመኔ ዱቄት አለ፤ ወለሉ ላይ ይረግፋል። እንዳላማው በባዶ እግሩ ነው የሚሠራው። ልጆቹ ሁሉ ከሄዱ በኋላ ልጠርግ ስነሳ፣ ከብረቱ እስከ በሩ የእሱ ዱካ ነጭ ላይ ታትሞ አገኘሁት። ጣቶቹ አሉ። የውስጥ እግሩ ፊት አለ። ተረከዝ የለም። በሩ ድረስ እያጎነበስኩ ተከተልኩት፤ አንድም ተረከዝ የለም።

መጥረጊያውን አንስቼ ጠረግሁት። ሰው እንዳያየው በሩን ዘግቼ ነው የጠረግሁት።

ለታየች ስልክ ደወልኩ። ስለ ሰብሉ፣ ስለ ላሟ ጠየቅኳትና፣ የጓያውን ነገር እንደ ዋዛ አነሳሁት።

«ገብሱን እያበዛህ ነው?» አለችኝ።

«እያበዛሁ ነው።»

«እንግዲያ እንፋሎት ካልነካው ምን ይሆናል።»

ይህችን ቃል ይዤ ተኛሁ። እንፋሎት አልነካውም። ተቆልቷል። ለፋሲካ የቀረው ሦስት ሳምንት አይሞላም፤ ከዚያ ሥጋ ይበላል፣ ወተት ይጠጣል፣ ባሕር ዳር ሄዶ ያሸንፋል። አሁን ባቆምበት ለምን ይለኛል፤ ለምን ሲለኝ ምን እላለሁ? በማግስቱ ስበጠብጥ አንድ ማንኪያ ቀነስኩ። አንድ ማንኪያ። በዚያች ማንኪያ ራሴን ጥንቁቅ ሰው አድርጌ ቆጠርኩት፤ ሳስበው አሁንም ይዘገንነኛል።

እንዳላማው የወደቀው በዚያው ሳምንት ሐሙስ ማታ ነው። ያነሳው ከባድ ብረት አልነበረም፤ ጀማሪ የሚያሟሙቅበት ነው። ቁጢጥ አለ፤ መነሳት አቃተው። ጭኖቹ መንቀጥቀጥ ጀመሩ፤ እሱ እያያቸው፣ ከእሱ ፈቃድ ውጭ ይንቀጠቀጣሉ። ብረቱን አራት ሆነን አነሳንለት። ዓይኑ የፈለገው እኔን ነው።

«ጋሼ፣ እግሬ አልሰማ አለኝ፣» አለ።

ዓርብ ጠዋት በባጃጅ ወሰድኩት። ከባጃጁ እስከ ሐኪሟ ክፍል ትከሻዬን ይዞ ነው የገባው። ዶክተር ዘሪቱ ትባላለች፤ ወጣት ናት፣ ድምጿ ዝግ ያለ። በትንሽ የጎማ መዶሻ ጉልበቱን መታ ስታደርገው እግሩ ተስፈነጠረ። እንደገና መታችው፤ እንደገና። ወደ መስኮቱና ወደ ኋላ አስኬደችው። ተረከዙን ስታይ እኔ ፊቷን አየሁ።

«ጓያ ትበላለህ?» አለችው።

«አልበላም።»

«በሽሮ መልክ? ንፍሮውን፣ ቆሎውንስ?»

«እውነቴን ነው ዶክተር። ከገጠር ከወጣሁ ጓያ ቀምሼ አላውቅም።»

ዲያቆን ነው፤ ዓይኑ ውሸት አያውቅም። አመነችው። ማንም ያምነው ነበር። ወረቀት ሳበችና መጻፍ ጀመረች፤ የጀርባ አጥንቱ ሊሆን ይችላል፣ አዲስ አበባ ሄዶ በማሽን ይታይ አለች። እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። የሚጠይቀኝ የለም። ዝም ብል አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ማሽኑ አንድ ነገር ይላል ወይም አይልም፤ የአለበል ስም ሳይነሳ ይቀራል። እንዲህ አሰብኩ። ይህን አልደብቅም፤ አስቤዋለሁ።

እንዳላማው ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሽ አለበል፣ እዚያ ስንት ቀን እንደምቆይ አላውቅም። በሶውን ለመንገድ ያሲዙኛል? ሰውነቴ እንዳይወርድብኝ።»

አንደበቴ ያኔ ተፈታ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ነው።

«በሶው ጓያ ነው፣» አልኩ።

የዶክተሯ ብዕር ቆመ። «ምን ያህሉ?»

«ከአራት ሦስት እጁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጥምቀት ማግስት። በቀን ሁለት ጊዜ። ግን ተቆልቷል ዶክተር፤ እንፋሎት አላገኘውም፣ እኔ ራሴ—»

«እንፋሎቱ አይደለም አባቴ፣» አለች፤ ቁጣ አልነበረባትም፣ ቁጣ ብትጨምርበት ይሻለኝ ነበር። «ፍሬው ራሱ ነው። መቁላት አያድንም። በጾም ሰውነቱ ሌላ ምግብ ሳያገኝ፣ ያውም ከባድ እየተሸከመ ሲበላው ይብሳል።»

«ከዛሬ ጀምሮ ቢያቆም ይድናል?»

«ቢያቆም ከዚህ እንዳይብስ ያደርገዋል። የሄደው አይመለስም።»

እንዳላማው ሁለቱን እጆቹን ጭኖቹ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። የጠየቀው ስለ ውድድሩ አልነበረም፣ ስለ ቅዳሴውም አልነበረም።

«መቼ ነው የጠረጠሩት?» አለኝ።

መዋሸት እችል ነበር። «ሰኞ ዕለት። ዱካህን አይቼ።»

ጣቱን አጠፈ፤ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ።

«ትናንት ከቅዳሴ ስወጣ የበጠበጡልኝስ?»

«እሱም ያው ነው።»

ራሱን ነቀነቀ፤ ትምህርት እንደገባው ተማሪ። ዶክተሯ የጀመረችውን ወረቀት ቀድዳ ሌላ ጻፈች፤ ያለችውን አልሰማሁም። ሲጨርሱ ስንገባ እንዳደረገው እንዲይዘኝ ብዬ ተጠጋሁና ትከሻዬን ዝቅ አደረግሁለት። እንዳላማው ከወንበሩ ተነሳ። እጁን ዘረጋና ግድግዳውን ያዘ። ግድግዳውን ይዞ፣ በጣቶቹ ጫፍ፣ ያንን ረጅም ኮሪደር ብቻውን ሄደ።